ከባሻው የለመንኩት ሁለት ሰዓት

በጀርመን ጦር እያንዳንዱ ሻምበል ጦር አንድ ባሻ አለው። በቀኝ ትከሻው ላይ ቢጫ ጉንጉን ገመድ ያንጠለጥላል። ወታደሮቹ «ሽፒስ» ይሉታል፤ ሲወዱት ደግሞ «የሻምበሉ እናት»። መኮንኖቹ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ይቀያየራሉ፤ እሱ ግን እዚያው ይቆያል። የማን ሚስት እንደወለደች፣ የማን አባት ሆስፒታል እንደተኛ፣ ማን ከጓደኞቹ መራቅ እንደጀመረ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለ ጦር ጉዳይ ብዙ ዓመት ጽፌያለሁ። በጽሑፎቼ ውስጥ ጄኔራሎችና ሚኒስትሮች አሉ፤ ባሻ ግን የለም። የባሻን ሥራ ያወቅኩት በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጁ የተወለደው እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። እናቱ በኤርፖርት ጽዳት ሥራ ሃያ ዓመት አልፏታል። ዞሰንሃይም ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔ የምኖረው ኖርድቬስትሽታት የሚባለው ሰፈር ነው። የተዋወቅነው ከመንግሥት ቢሮ የሚመጣላትን ደብዳቤ የሚያነብላት ሰው ስትፈልግ ነው። ልጁ ማንበብ ሲችል ሥራዬን ወሰደብኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ የሚመጣው እሱም ያልገባው ደብዳቤ ብቻ ሆነ። እሷ «ወንድምዓለም» ትለኝ ነበር፤ እሱ «ጋሼ»።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወታደር እሆናለሁ ሲል እናቱ ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን እኔን ጠርታ መካከላቸው አስቀመጠችኝ።

«ባሻው ይገርፈዋል» አለችኝ። አባቷ ወታደር ነበሩ፤ ስለ ባሻ የሰማችው ሁሉ ከእሳቸው ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ባሻው እናት ነው የሚባለው» አለ ልጁ እየሳቀ።

«እናት? እናት ያለው ሰው ሌላ እናት ምን ያደርግለታል? እኔ ሞቻለሁ?»

«አንቺን ካምፕ ውስጥ አያስገቡሽማ።»

«ማን ነው የማያስገባኝ? የዚህን አገር ኤርፖርት በሙሉ በቁልፌ ነው የምከፍተው!»

ሳቅን። እሷም ሳትወድ ሳቀች። ነገሩ በዚያው አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ካምፑ ለቤተሰብ ክፍት በሆነበት ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ባሻው በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ሰው ነው። እኔ የጠበቅኩት የሚጮህ ሰው ነበር።

«ጠይቀው» አለች እናት ልጇን በክርኗ እየጎሸመች። «ትመታዋለህ ወይ በለው።»

«እማዬ፣ አታሳፍሪኝ።»

«በለው እኮ ነው የምልህ!»

ልጁ ቀልቶ ተረጎመ። ባሻው እንደ ትልቅ ጉዳይ አሰበበት። «በእግር ኳስ እሱ ይመታኛል» አለ። «ከዚያ ውጭ ተማትተን አናውቅም።» ቀጥሎ ወደ እሷ ዞሮ፣ ይገባት ዘንድ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ «ልጅዎ ሳይጠሩት የሚነሳ ሰው ነው» አላት። ያንን ቃል ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ስትደግመው ከረመች።

ልጁ መኝታ ክፍሉን ሊያሳያት ሲወስዳት እኔ ከባሻው ጋር ቢሮው ቀረሁ። ስለ ሥራው ጠየቅኩት። ቁምሳጥን ከፈተና በረድፍ በረድፍ የቆሙ የታሸጉ ፖስታዎች አሳየኝ። አዲስ የመጣ ወታደር ሁሉ እዚህ ተቀምጦ፣ አንድ ነገር ቢደርስበት ለማን እንደሚነገር በገዛ እጁ ይጽፋል።

«ፎርሙ ስምና ስልክ ብቻ ነው የሚጠይቀው» አለኝ። «እኔ እንዴት እንደሚነገርም አስጽፋቸዋለሁ። እናትየዋ ልቧን የሚያማት ከሆነ፣ አባትና እናት የማይነጋገሩ ከሆነ፣ ቋንቋ ከሌላቸው። ሲጽፉ ይስቃሉ። ይሳቁ።»

ስንት ጊዜ ከፍቶ እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። ሦስት ጊዜ አለ።

«መጀመሪያ ከአፌ በሚወጣው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ‹ሞቷል› የሚለው ቃል መኖር አለበት። ታሟል፣ ተጎድቷል፣ እንዲህ ሆኖ ነበር ማለት የለም። እናት የተዉላትን ተስፋ አጥብቃ ትይዛለች። ከዚያ ተመልሰው ያንን ከእጇ ሊነጥቋት ነው። ሁለት ጊዜ ይሞትባታል።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ እንደሚነገር፣ ዋዜማውን ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ የሚይዛትና የሚያቅፋት ሰው በሯ ላይ ሳይቆም ለእናት እንደማይነገር እኔም ነገርኩት። ጆሮ ሰጥቶ ሰማኝ።

«ጥሩ ወግ ነው» አለ። «ግን የተሠራው ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ስልክ ባልነበረው ዘመን ነው።»

ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአምስት፣ ስልኬ ጮኸ። ባሻው ስሙንና ማዕረጉን ተናገረ፤ ቀጥሎ የልጁን ሙሉ ስም ጠርቶ ዛሬ ጠዋት ሞቷል አለኝ። ለእኔም እንደ ደንቡ ነው የነገረኝ። በማለዳ ሩጫ ላይ ወድቆ ልቡ ቆመ። ሐኪሞች ደርሰው ብዙ ሞከሩ፤ አልተመለሰም።

ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የሥራ ልማድ ነው። ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ግን አልመጣልኝም።

ልጁ በፖስታው ውስጥ የተወው ጽሑፍ ሦስት መስመር ነበር፤ ባሻው በስልክ አነበበልኝ። እናቴ ጀርመንኛ የምትችለው ለሥራዋ ያህል ነው። ብቻችሁን አትሂዱባት። መጀመሪያ ለዚህ ሰው ደውሉ። ከሥሩ የእኔ ስልክ ቁጥር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባሻውና አንድ የጦሩ ቄስ ቤቴ ደረሱ። የሻምበሉ አዛዥ ለልምምድ ከአገር ውጭ ስለነበር መርዶው የባሻው ሥራ ሆኖ ነበር። ቄሱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ብዙም አልተናገሩም። እናትየዋ የጠዋት ፈረቃ ላይ ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቷ ትገባለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሯ ላይ እንሆናለን» አለ ባሻው።

«አይሆንም» አልኩት። «ነገ ማለዳ ይሁን። ዛሬ ማታ ሰው ልሰብስብ።»

«ነገ አይቻልም። ሲወድቅ ያየው ሻምበሉ በሙሉ ነው። ዝም በሉ ብያቸዋለሁ፤ ዝም የሚሉት እስከ ማታ ቢሆን ነው።»

«የምትኖረው ስምንተኛ ፎቅ ነው። በረንዳ አለው። ደም ብዛት አለባት። እርስዎ፣ ቄሱና እኔ፣ ሦስት ወንዶች ነን። ስትወድቅ ማን ያቅፋታል?»

ባሻው ሰዓቱን አየ። «ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋሉ?»

«እስከ አሥራ አንድ።»

«ከገባች በኋላ ሁለት ሰዓት።» አለና ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይህን አድርጌ አላውቅም። ሰዎቹን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት። እሺ።»

ሦስት ሰዎች ጋ ደወልኩ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው። ሁለተኛዋ ከእናትየዋ ጋር የምትሠራ ዘመዷ ናት፤ የዚያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበረች። ሦስተኛዋ ከእናትየዋ ቀጥሎ ያለው ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት ኤርትራዊት ናቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጀርመን ከማናችንም በፊት የገቡ፣ ጡረታ የወጡ ሴት። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ነው የነገርኳቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም በአንድ ላይ፣ ከሕንፃው መግቢያ፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳይቀርብ። ሦስቱም እሺ አሉኝ። እማማ ስልኩ ላይ አለቀሱ፤ እንዲረጋጉ ለመንኳቸው። ስጨርስ ሁሉም በቦታ በቦታው የገባ መሰለኝ።

ዘጠኝ ከሃያ ላይ ስልኬ ጮኸ። እሷ ነበረች። ባሻው ከፊት ለፊቴ፣ ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል።

«ወንድምዓለም፣ ልጄ ደውሎልሃል እንዴ?»

«ምነው?»

«ከሥራ ስገባ አንድ መልእክት አይቀርብኝም ነበር። ዛሬ ዝም አለ። ብደውል ዝግ ነው።»

ስልኩን ባላነሳው ይሻል ነበር። አንስቼዋለሁ። «አግኝቼዋለሁ» አልኳት። «ልምምድ ላይ ናቸው። ስልካቸውን ሰብስበውባቸዋል።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ተመስገን! ይሄን ባሻ አንድ ቀን እኔው ነኝ የምገርፈው። የልጆች ስልክ የሚሰበስብ እናት የት ታይቷል?» ሳቀችና ዘጋች።

ባሻው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ነገርኩት። እርስዎስ ምን አሏት አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ አልተለወጠም። ከጠረጴዛው ላይ ቆቡን አንስቶ ቆመ።

«አሁን እንሄዳለን።»

«ሰዎቹ የሚመጡት አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

«ውሸት ነግረናታል» አለ። ነግረናታል ነው ያለው። «በዚያ ላይ ቁጭ ብላ መዋል የለባትም።»

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ዝናብ ያካፋል። ባሻው ይነዳል፤ የጦሩ ቄስ ከኋላ ናቸው። እኔ ባሻው ጎን ተቀምጬ የጀርመንኛውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ በልቤ እለማመድ ነበር። አራት ቃል ነው። በየመብራቱ ስንቆም እንደገና ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።

ያ ሃያ ደቂቃ እዚያ እንዴት እንዳለፈ በኋላ የነገሩኝ እማማ ናቸው። ረፈደብኝ ብለው ፈርተው አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለው ወጥተዋል። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከመግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀርበው እንዳይታዩ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «እኔ የምኖረው እዚሁ ሰፈር ነው፣ ማን ልብ ይለኛል?» ብለዋል። እናትየዋ የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ወረደች።

«እማማ፣ ምነው? ማን ሞቶብዎት ነው?»

እማማ እጇን ያዙ። «ልጄ፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

እናትየዋ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠች። ነጠላውን አየች፣ የእማማን ፊት አየች። «አይ» አለች። «እሱ ደህና ነው። አሁን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ልምምድ ላይ ነው።»

እማማ የዚህን ጊዜ ነው ለቅሷቸውን መያዝ ያቃታቸው።

እኛ ስንደርስ እማማ ወንበሩ ላይ አጎንብሰው ያለቅሳሉ፤ እሷ ቆማለች። መጀመሪያ ያየችው ባሻውን ነው፣ ከነቢጫ ገመዱ። ቀጥሎ ከዚያው መኪና ስወርድ እኔን አየችኝ። ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄድኩ።

«አንተ አትንገረኝ» አለች። «እሱ ይንገረኝ።»

ባሻው ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። የልጇን ሙሉ ስም ጠራ። ዛሬ ጠዋት ሞቷል አለ። አጫጭር ቃላት ነበሩ፤ እኔ አላስፈለግኳትም። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ቀረ።

አልጮኸችም። በኤርፖርት ጀርመንኛዋ፣ ቃል እየፈለገች፣ ማን አጠገቡ ነበር ብላ ጠየቀችው።

«እኔ» አለ ባሻው። «ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነው የምሮጠው። ስለዚህ ሲወድቅ አየሁት። እጆቼ ደረቱ ላይ ነበሩ። ሐኪሞቹ እስኪመጡ አላነሳኋቸውም።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

እናቴ ብሎ ጠራ ቢላት ማንም አይፈርድበትም ነበር። አላላትም።

«በልቶ ነበር?»

«አልበላም። ሩጫው ከቁርስ በፊት ነው።»

የወደቀችው የዚህን ጊዜ ነው። ማን ያቅፋታል ብዬ ሁለት ሰዓት ለምኜ ነበር። ያቀፋት ባሻው ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ፣ እማማ ራሷን ደግፈው፣ እሱ ትከሻዋን ይዞ፣ ሳይነሳ ቆየ። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስና ዘመዷ ልክ እንደነገርኳቸው፣ አንድ ደቂቃ ሳያዛንፉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ።

ቀብሩ እዚሁ ፍራንክፈርት ሆነ። ሬሳውን ጓደኞቹ ተሸከሙት፤ ባሻው ከሁሉም ኋላ ሄደ። ሲያበቃ ወደ ዳር ወስጄው ስለ ሪፖርቱ ጠየቅኩት። እናትየዋ ለምን በዘጠኝ ሰዓት እንዳልተነገራት እንደሚጠየቅ አውቅ ነበር።

«ተጠየቅኩ» አለኝ። «የማዘግየቱ ውሳኔ የኔ ነው ብዬ ጻፍኩ።»

«እውነቱ እንደዚያ አይደለም። የለመንኩዎት እኔ ነኝ።»

«ለምነውኛል። የፈቀድኩት ግን እኔ ነኝ። ማዕረጉም የኔ ነው።»

«ስልኩስ? ለእሷ የነገርኳት?»

«እሱን አልጻፍኩትም» አለ። እጄን ጨብጦ ወደ ወታደሮቹ ሄደ። ከወታደሮቹ አንዱ ግንብ ተደግፎ ያለቅስ ነበር፤ ባሻው ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየዋ አንቱ ትለኛለች። በአርባው ሄጄ ከሰዉ መካከል ተቀመጥኩ። እንደማንኛውም እንግዳ በእጇ አቀረበችልኝ፤ «ይብሉ» አለችኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ደብዳቤዎቿን ለእኔ ማምጣት ተወች። እማማ እንደነገሩኝ፣ ፎቶ አንስታ ለባሻው ትልክለታለች፤ እሁድ እሁድ ደውሎ ቀስ ብሎ ያስረዳታል። ጀርመንኛዋ ተሻሽሏል አሉኝ። በሃያ ዓመት ያልተማረችውን በጥቂት ወራት ተማረች።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ደወለችልኝ። «ይምጡ» አለችኝ።

ሄድኩ። ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጠችኝ።

«ሥራዎ መጻፍ ነው አይደል?» አለች። «ያንን ቀን ይጻፉልኝ። ከማለዳው ጀምሮ፣ በስንት ሰዓት ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን ምን እንዳለ። እናንተ ሁላችሁ እያወቃችሁ ሳላውቅ የዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቀኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ባሻውንም፣ እማማንም፣ ዘመዷንም እንደገና ጠየቅኩ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። አራት ሰዓት ከአምስት የተደወለልኝን፣ የለመንኩትን ሁለት ሰዓት፣ የደወልኩላቸውን ሰዎች ጻፍኩ። ዘጠኝ ከሃያ የሚለው ሥር የተባባልነውን ቃል በቃል አስቀመጥኩ፤ ደህና ነው ወይ አለች፣ ደህና ነው አልኩ። ምንም አላስቀረሁም።

መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ስለ ሩጫው ያለው ቦታ ላይ ቆይታ አለፈች። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አለችኝ።

«የቱ ጋ?»

«ደህና ነው ወይ አላልኩዎትም። ስልክ ሰብስበውባቸዋል ሲሉኝ ደህንነቱንማ አመንኩ፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? በልቷል ወይ ነው ያልኩዎት። አዎ፣ በልቷል አሉኝ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። የእሷን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሳቋን እሰማለሁ። የራሴን ቃል ግን ደህና ነው ከሚለው ሌላ አላገኘሁትም። የዚያን ቀን የሁሉንም ሰዓት ጽፌ ይዤ ነበር፤ በዚያ ስልክ ጊዜ ግን እስክሪብቶ አላነሳሁም። ባሻው አጠገቤ ቢኖርም አማርኛ አይሰማም። ለእሱም የተረጎምኩለት ደህና ነው ብዬ ነው። የቀረችው ምስክር እሷ ናት፤ የምትሳሳትበት ምክንያትም የላትም።

እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ሁለቱን መስመር ሰረዝኩና ከላያቸው እሷ እንዳለችው ጻፍኩ።

«አሁን ወደ ጀርመንኛ ይመልሱትና ለባሻው ይላኩለት» አለች። «ከልጄ ፋይል ውስጥ ይግባ።»

«ያኔ በሪፖርቱ ያላነሳው ነገር ነው። ምናልባት በእሱ ላይ...»

«ጠይቄዋለሁ። ይግባ ብሏል።»

እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ መተርጎም ጀመርኩ። ተነስታ አልሄደችም፤ ከፊቴ ተቀምጣ እጄን ታያለች። የመጀመሪያው ገጽ ቶሎ አለቀ። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ስደርስ ዘገየሁ። ከባድ ቃል የለበትም፤ እዚህ አገር የገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማራቸው ቃላት ናቸው።

«ጻፉት?» አለችኝ።

«ጻፍኩት።»

«ያንብቡልኝ።»

«በልቷል ወይ?» «አዎ፣ በልቷል» የሚለውን በጀርመንኛ አነበብኩላት።